ስፒከሩ የራሱ ነው? የድሮ ጊታር አምፕሊፋየር ኦሪጅናል ስፒከርን መለየት

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ከተሠሩት የጊታር አምፕሊፋየሮች መካከል ዛሬ በእጅ ያለውን አንዱን ከፍቶ ለሚያይ ሰው፣ መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ክፍል ስፒከሩ ነው። ትራንስፎርመሩ ካልተቃጠለ በቦታው ይቆያል፤ ሳጥኑም ቢላላጥ እንጂ አይጠፋም። ስፒከር ግን ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ሽቦው ይቃጠላል፣ ለሌላ ሥራም ተነቅሎ ይወሰዳል። የድምፁን ጠባይ በከፍተኛ ደረጃ የሚወስነው ደግሞ እሱው ነው። ስለዚህ ለሚገዛም፣ ለሚሸጥም፣ ለሚጠግንም ሰው ስፒከሩ የራሱ መሆን አለመሆኑ ትልቅ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው በውስጡ ሁለት ጥያቄዎችን ይዟል። አንደኛው፣ ይህ ስፒከር አምፕሊፋየሩ ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የነበረው ነው ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ በስፒከሩ ውስጥ ያሉት ኮን (ወረቀቱ) እና ኮይል (ጥቅል ሽቦው) የራሱ ናቸው ወይ የሚለው ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሚሰጡት በብረቱ ላይ የታተሙ ቁጥሮችና በሳጥኑ ላይ የቀሩ ምልክቶች ናቸው። ለሁለተኛው ግን ቁጥሮቹ ምንም አይናገሩም። ጥገና የረጅም ጊዜ ልማድ በሆነበት እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ ብዙውን ጊዜ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩን ያነበበ ሰው ድምፁንም ያረጋገጠ ይመስለዋል።

በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ከተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዕቃው በየት በኩል መጣ?

የአምፕሊፋየሩ የትውልድ አገር በውስጡ ምን ዓይነት ስፒከር ሊገኝ እንደሚገባ አስቀድሞ ይጠቁማል። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ጊታር የተስፋፋው በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስ ሠራዊትና በምድር ጦር የሙዚቃ ክፍሎች፣ ቀጥሎም በሆቴልና በምሽት ክበብ ባንዶች አማካይነት ነው። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ የመጀመሪያውን ሸክላ ያሳተመው በ1969 ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ሒልተን የተከፈተውም በዚያው ዓመት ነው። አይቤክስ ባንድ ከማህሙድ አህመድ ጋር «እሬ መላ መላ»ን የሠራው በ1975 ነበር። በአስመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ቃኘው ስቴሽንም እስከ 1977 ድረስ አሜሪካ ሠራሽ ዕቃና ሙዚቃ የሚገባበት በር ነበር። ከ1974 በኋላ በሰዓት እላፊ ምክንያት የምሽቱ ሙዚቃ ሲዳከም አዲስ ዕቃ ማስገባትም ከባድ ሆነ። በእጅ ያለውን እየጠገኑ መጠቀም ግድ የሆነው ያኔ ነው።

ሌላው መንገድ የአብያተ ክርስቲያናትና የሚሽን ተቋማት ነው። በመካኒሳ የሚገኘው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ የጃዝ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለው ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1959 ስትመሠረት ከስዊድን፣ ከኖርዌይና ከጀርመን ሚሽኖች ጋር የቆየ ትስስር ነበራት። እንዲህ ባለ አካባቢ የሚገኝ የድሮ አምፕሊፋየር ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ብቻ መጥቷል ብሎ መጀመር አይቻልም፤ የጀርመን ወይም የጣሊያን ሥሪት ሊሆን ይችላል።

የኤሌክትሪክ ኃይሉም ፍንጭ ይሰጣል። የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ አምፕሊፋየር ግን ከጀርባው 117 ቮልት ተብሎ ይጻፍበታል፤ ያለ መቀነሻ ትራንስፎርመር በስህተት 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። በእንዲህ ያለ ዕቃ ላይ የተለወጠ የኃይል ትራንስፎርመር ከተገኘ፣ በዚያው አደጋ ስፒከሩም ተለውጦ እንደሆነ መመርመር ይገባል።

የአሜሪካ ስፒከሮች ኮድ

የአሜሪካ ኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ማኅበር ለእያንዳንዱ ፋብሪካ መለያ ቁጥር ሰጥቶ ነበር። ይህ ቁጥር በስፒከሩ ፍሬም ጠርዝ ወይም በማግኔቱ ክዳን ላይ በቀለም ይታተማል፤ አንዳንዴም ብረቱ ላይ ይቀረጻል። በጊታር አምፕሊፋየር ውስጥ በብዛት የሚታዩት የሚከተሉት ናቸው፦

220 — ጄንሰን
465 — ኦክስፎርድ
137 — ሲቲኤስ
328 — ዩታ
285 — ሮላ
67 — ኤሚነንስ
649 — ኤሌክትሮ ቮይስ
391 — አልቴክ ላንሲንግ

ከፋብሪካው ቁጥር ቀጥሎ የሚመጡት አሃዞች የተሠራበትን ዓመትና ሳምንት ይናገራሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ምንጊዜም ሳምንቱን ያመለክታሉ፤ ከ01 እስከ 52 ወይም 53 ይደርሳሉ። በመካከል ያለው ዓመቱ ሲሆን፣ በድሮዎቹ አንድ አሃዝ፣ በኋለኞቹ ሁለት አሃዝ ነው። ለምሳሌ 220632 የሚል ቁጥር ጄንሰን፣ መጨረሻው 6 የሆነ ዓመት፣ 32ኛ ሳምንት ማለት ነው። ዓመቱ 1956 ነው ወይስ 1966? ቁጥሩ ብቻውን አይመልሰውም። መልሱን የሚሰጠው የስፒከሩ ሞዴል ነው።

የጄንሰን ሞዴል ስያሜ ለዚህ ይረዳል። ስሙ «ፒ» በሚለው የላቲን ፊደል ከጀመረ ማግኔቱ አልኒኮ ነው፤ ማለትም የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ። በ«ሲ» ከጀመረ ማግኔቱ ሴራሚክ ነው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር የስፒከሩን ስፋት በኢንች ይገልጻል፤ የመጨረሻው ፊደል ደግሞ የአቅም ደረጃውን። ስለዚህ ሲ12ኤን ባለ 12 ኢንች ሴራሚክ ጄንሰን ነው። የሴራሚክ ጄንሰኖች በጊታር አምፕሊፋየር ውስጥ የተለመዱት በ1960ዎቹ ስለሆነ፣ በሲ12ኤን ላይ ያለ 220632 የ1966 ነው።

ኤሚነንስ በ1966 የተመሠረተ ፋብሪካ ነው። ስለዚህ 67 የሚል መለያ ያለው ስፒከር በ1964 በተሠራ አምፕሊፋየር ውስጥ ከተገኘ፣ ምንም ያህል ያረጀ ቢመስል በኋላ የገባ ነው። እንዲህ ያለው እውቀት ብዙ ክርክር በአንድ ቃል ይዘጋል።

መለያ ወረቀቶች ያሳስታሉ። የአምፕሊፋየር ሠሪው ፌንደር የራሱን ስም የያዘ ወረቀት በብዙ ፋብሪካዎች ስፒከር ላይ ለጥፏል፤ ወረቀቱ «ፌንደር» ይበል እንጂ ስፒከሩ የኦክስፎርድ፣ የዩታ፣ የሲቲኤስ ወይም የኤሚነንስ ሊሆን ይችላል። ሠሪውን የሚናገረው ወረቀቱ ሳይሆን ኮዱ ነው። ሌላው አሳሳች ነገር ዳግም የተሠሩት ጄንሰኖች ናቸው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በጄንሰን ስም የሚወጡት ስፒከሮች በጣሊያን የሚሠሩ ሲሆኑ፣ የሞዴል ስማቸውም የድሮዎቹ ነው። «ጣሊያን ተሠራ» የሚል ጽሑፍ ያለው ሲ12ኤን ጥሩ ስፒከር ነው፤ የ1960ዎቹ ግን አይደለም።

ኮዱን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መመለስ

በተቋማት የዕቃ መዝገብና በግዢ ደረሰኝ ላይ ያለው ዓመት ብዙውን ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ከኮዱ ጋር ለማመሳከር ሳምንቱን ማየት ያስፈልጋል። መስከረም 1 የሚውለው በአውሮፓውያኑ ዓመት 37ኛ ሳምንት አካባቢ ነው። ሳምንቱ ከ01 እስከ 36 ከሆነ ከአውሮፓውያኑ ዓመት 8 ይቀነሳል፤ ከ38 ጀምሮ ደግሞ 7 ይቀነሳል። በዚህ መሠረት የ1966 32ኛ ሳምንት በነሐሴ 1958 ዓ.ም. ዙሪያ ይውላል። ስፒከሩ ከተሠራ በኋላ ወደ አምፕሊፋየር ፋብሪካ ሄዶ፣ ተገጥሞ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ጉምሩክ አልፎ አዲስ አበባ ስለሚደርስ፣ በመዝገቡ ላይ የሚጠበቀው ዓመት 1959 ዓ.ም. ወይም ከዚያ በኋላ ነው። መዝገቡ ከስፒከሩ የሚቀድም ከሆነ ስፒከሩ የሌላ ዕቃ ነው፤ አለዚያም መዝገቡ ስለ ሌላ አምፕሊፋየር ነው የሚናገረው።

የእንግሊዝ ስፒከሮች

በእንግሊዝ አምፕሊፋየሮች ውስጥ ዋናው ስም ሴለስሽን ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በነበሩት የቮክስ ኤሲ30 አምፕሊፋየሮች ውስጥ ያሉት ሰማያዊ ቀለም የተቀቡና ቲ530 የሚል ቁጥር ያላቸው የአልኒኮ ስፒከሮች የዚሁ ፋብሪካ ናቸው። በማርሻል ሳጥኖች ውስጥ በብዛት የሚታወቁት ደግሞ ከጀርባቸው አረንጓዴ የፕላስቲክ ክዳን ያላቸው የሴራሚክ ስፒከሮች ናቸው።

የሴለስሽን የቀን ኮድ ቁጥርና ሁለት ፊደላት አሉት። ቁጥሩ ቀኑን፣ አንዱ ፊደል ወሩን፣ ሌላው ዓመቱን ያሳያል። «አይ» የሚለው ፊደል ከቁጥር 1 ጋር እንዳይምታታ ተዘሏል፤ ስለዚህ «ኤች» ነሐሴን ሲይዝ «ጄ» መስከረምን፣ «ኤም» ታኅሣሥን ይይዛል። እነዚህ ወሮች የአውሮፓውያኑ ናቸው። የዓመቱ ፊደላት በ1956 ከ«ኤ» ጀምረው በ1967 «ኤም» ላይ ይደርሳሉ፤ በ1968 እንደገና ከ«ኤ» ይጀምራሉ። በዚህም የተነሳ «ሲ» 1958ንም 1970ንም ሊያመለክት ይችላል። ሁለቱን ለመለየት አድራሻው ሊረዳ ይችላል፦ በቀደሙት ወረቀቶች ላይ ቴምስ ዲተን፣ በኋለኞቹ ላይ ኢፕስዊች ይላል። የማግኔቱ ዓይነትም ያግዛል። «ቻይና ተሠራ» የሚል ሴለስሽን ከ2000 ወዲህ ያለ ምርት ነው።

ከሴለስሽን ሌላ ፌንና ጉድማንስ በእንግሊዝ ሳጥኖች ውስጥ በኦሪጅናልነት ይገኛሉ። ስለዚህ አንድ የእንግሊዝ አምፕሊፋየር ሴለስሽን ስለሌለው ብቻ ተለውጧል አይባልም።

የጀርመንና የጣሊያን ሥሪቶች

እንደ ዳይናኮርድ ባሉ የጀርመን አምፕሊፋየሮች ውስጥ የበርሊኑ ኢዞፎን ሊጠበቅ ይችላል። በጣሊያን ደግሞ በ1949 በሬጆ ኤሚሊያ የተመሠረተው አርሲኤፍ ታዋቂ ስፒከር ሠሪ ነው። በእነዚህ ላይ የአሜሪካው የፋብሪካ ቁጥር አይፈለግም። በወረቀቱ ላይ የታተመው የሞዴል ቁጥር፣ የዋትና የኦም መጠን ከአምፕሊፋየሩ የጀርባ ጽሑፍ ጋር ይመሳከራል። ዋናው ማስረጃ ግን ቀጥሎ የሚታየው የሳጥኑ ምስክርነት ነው።

ሳጥኑ ምን ይላል?

ስፒከሩን ከመፍታት በፊት አምፕሊፋየሩ ከመስመር ይነቀላል። በቫልቭ አምፕሊፋየር ውስጥ ያሉት ኮንደንሰሮች መስመሩ ከተቋረጠ በኋላም ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ በውስጡ ያለውን የኤሌክትሪክ ክፍል መንካት የባለሙያ ሥራ ነው። ስፒከሩ ሳይገናኝ የቫልቭ አምፕሊፋየርን ማብራትም አይገባም፤ የውጤት ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

መጀመሪያ የሚታዩት ብሎኖቹና ዳዶዎቹ ናቸው። ካቻቪቴ ወይም ቁልፍ ደጋግሞ የነካቸው ብሎኖች ጥርሳቸው ይበላል፣ ቀለማቸው ይላጣል። ሁሉም ተመሳሳይና በእኩል የዛጉ ከሆነ ለረጅም ጊዜ አልተነኩም ማለት ነው። አንዱ የሌላ ዓይነት ከሆነ ግን ቢያንስ አንድ ጊዜ ተፈትቷል። ይህ ብቻውን ስፒከሩ ተለውጧል አያሰኝም፤ ለጥገና ወጥቶ የተመለሰም ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ሳንቃው ይታያል። ስፒከሩ ለዓመታት ተጣብቆ የኖረበት እንጨት የፍሬሙን ጠርዝ ቅርጽ ይይዛል። በፍሬሙ ዙሪያ ያለው የአቧራ ክብ ከፍሬሙ ጋር በትክክል ከተገጣጠመ ጥሩ ምልክት ነው። ከፍሬሙ ውጭ ሁለተኛ ክብ ወይም ጥቅም የሌለው የብሎን ቀዳዳ ከታየ ቀድሞ ሌላ ስፒከር ነበረ።

ሦስተኛው ሽቦው ነው። በ1960ዎቹ የፌንደር አምፕሊፋየሮች ውስጥ የስፒከር ሽቦ በጨርቅ የተለበጠ ሲሆን በእርሳስ ይበየዳል። የድሮ ብየዳ ደብዛዛና አቧራ የጠጣ ነው። በላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ አዲስ እርሳስ፣ የተቃጠለ የጨርቅ ጫፍ ወይም በመሃል የተቀጠለ ፕላስቲክ ሽቦ ካለ ስፒከሩ አንድ ጊዜ ተለያይቷል።

ቀዝቃዛና ሙቅ የተፈራረቁበት አሮጌ መለያ ወረቀት በእጅ ሲነካ ስለሚበን በጥንቃቄ ይያዛል። ኮድ ያለበትን ቦታም በጋዝ ወይም በቤንዚን መጥረግ፣ ፍሬሙንም እንዲያምር ቀለም መርጨት ማስረጃውን ያጠፋል። የደበዘዘ ኮድ በእጅ ባትሪ ብርሃን ከጎን ሲመታ ይታያል፤ በስልክ ፎቶ አንስቶ ማጉላትም ይረዳል።

ኮንና ኮይል

እስካሁን የታዩት ምልክቶች ስለ ፍሬሙና ስለ ማግኔቱ ብቻ ናቸው። ድምፁን የሚፈጥሩት ግን የወረቀቱ ኮንና በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ኮይል ናቸው። ኮይል ሲቃጠል ባለሙያ አሮጌውን ኮን ቀዶ አውጥቶ በዚያው ፍሬም ላይ አዲስ ይተክላል፤ አለዚያም ኮይሉን ብቻ እንደገና ይጠቀልላል። ኮዱ በቦታው ይቀራል። በዚህ ዓይነት 1966 የሚል ቁጥር የያዘ ፍሬም ትናንት የተለጠፈ ወረቀት ሊሸከም ይችላል።

ይህን የሚገልጡ ምልክቶች አሉ። በኮኑ ጠርዝ ላይ ያለው ማስቲሽ በፋብሪካ ሲቀባ እኩልና ቀጭን ነው፤ በእጅ ሲቀባ ይፈስሳል፣ ከሥሩም የአሮጌው ወረቀት ቅሪት ይታያል። በኮኑ ጀርባ በብዙ ፋብሪካዎች የሚታተመው ቁጥር ካለ ለኦሪጅናልነቱ ጠንካራ ማስረጃ ነው። በመሃል ያለው ክብ ክዳን በቁሱም ይለያል፤ በጄቢኤል ስፒከሮች ላይ አሉሚኒየም የሚጠበቅ ሲሆን፣ እዚያ ላይ ወረቀት ከተገኘ ኮኑ ተለውጧል። ከኮኑ ወደ ፍሬሙ የሚሄዱት ተጣጣፊ ሽቦዎችም የተነኩበት ቦታ ላይ ሌላ ዓይነት ማጣበቂያ ይታይባቸዋል። ሁለት ስፒከር ባለው አምፕሊፋየር ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን ማነጻጸር ከሁሉ ይበልጣል፤ የአንዱ ወረቀት ጠቁሮ የሌላው ነጣ ካለ መልሱ ያለው እዚያው ነው።

በቴስተርና በባትሪ

ቴስተር የሚለካው የሽቦውን ቀጥተኛ ተቃውሞ ስለሆነ ከተጻፈው ያነሰ ያነባል። 8 ኦም የተባለ ስፒከር ከ6 እስከ 7፣ 16 ኦም የተባለው ከ11 እስከ 13 አካባቢ ይሰጣል። በፌንደር ትዊን ሪቨርብ ውስጥ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ስለሚያያዙ አምፕሊፋየሩ የሚጠብቀው 4 ኦም ነው። በሱፐር ሪቨርብ ውስጥ አራት ስለሆኑ 2 ኦም ይሆናል። በትዊን ሪቨርብ ውስጥ ሁለት ባለ 16 ኦም ስፒከሮች ከተገኙ፣ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆኑ የዚያ አምፕሊፋየር ኦሪጅናል አይደሉም።

አንድ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ለአፍታ ሲነካ ኮኑ ወዴት እንደሚሄድ ይታያል። በአብዛኞቹ ስፒከሮች ፖዘቲቩ ፖዘቲቩን ሲነካ ኮኑ ወደ ውጭ ይገፋል፤ በድሮዎቹ ጄቢኤል ግን ወደ ውስጥ ይገባል። የጄቢኤል ስም ያለው አሮጌ ስፒከር ወደ ውጭ ከገፋ ሽቦው የተገለበጠ ወይም ኮይሉ በሌላ እጅ የተተከለ መሆኑ ይጠረጠራል።

አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

መካኒሳ ውስጥ ባለ አንድ የጥገና ጠረጴዛ ላይ ትዊን ሪቨርብ ቀርቧል እንበል። በሳጥኑ ውስጥ በተለጠፈው የቫልቭ ዝርዝር ወረቀት ላይ «ፒ» እና «ኤች» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ተመትተዋል። በፌንደር አሠራር የመጀመሪያው ፊደል ዓመቱን ይናገራል፤ 1951 «ኤ» ስለነበር «ፒ» 1966 ይሆናል። ሁለተኛው ወሩ ሲሆን «ኤች» የአውሮፓውያኑ ነሐሴ ነው። በድምፅ መቆጣጠሪያው ጀርባ 1376622 ይነበባል፦ ሲቲኤስ፣ 1966፣ 22ኛ ሳምንት። በትራንስፎርመሩ ላይ 606625 አለ፤ 606 ሹማከር የተባለው ፋብሪካ ነው፣ 25ኛ ሳምንት። ሦስቱም ይስማማሉ፤ ክፍሎቹ ከመገጣጠሚያው ወር ጥቂት ሳምንታት ቀድመዋል፣ ይህም የሚጠበቅ ነው።

ግራው ስፒከር 465628 ይላል። ኦክስፎርድ፣ 28ኛ ሳምንት፤ ከሌሎቹ ጋር ይገጥማል። ብየዳው ደብዛዛ ነው፣ የአቧራው ክብም ተስማምቷል። ቀኙም 465628 ይላል። ቁጥሩን ብቻ ያነበበ ሰው ሥራውን እዚህ ላይ ይጨርሳል። ነገር ግን የቀኙ ኮን ጠርዝ ላይ ማስቲሹ ወፍሯል፣ የመሃሉ ክዳን ከግራው ይሰፋል፣ በኮኑ ጀርባም ቁጥር የለም። ለየብቻ ተለያይተው ሲለኩ ግራው 6.4፣ ቀኙ 7.3 ኦም ያነባሉ። ድምዳሜው ግልጽ ነው፦ ሁለቱም ፍሬሞች ከፋብሪካ የወጡ ጥንድ ናቸው፤ የቀኙ ግን ኮንና ኮይሉ ተለውጧል።

ደረጃና መዝገብ

ከምርመራው በኋላ እያንዳንዱ ስፒከር ከአራቱ ደረጃዎች በአንዱ ይመደባል። የመጀመሪያው ከፋብሪካ የመጣና ኮኑ ያልተነካ ነው። ሁለተኛው ፍሬሙ ኦሪጅናል ሆኖ ኮኑ የተለወጠ ነው። ሦስተኛው ከሌላ አምፕሊፋየር የመጣ፣ ነገር ግን በሠሪውም በዘመኑም የሚገጥም ነው። አራተኛው በኋለኛ ዘመን ሥሪት የተተካ ነው። ሦስተኛውን ከመጀመሪያው የሚለዩት የሳጥኑ ምልክቶች ስለሆኑ፣ ስፒከሩ ከመፈታቱ በፊት የብሎኖቹ፣ የብየዳውና የአቧራው ክብ ፎቶ መነሳት አለበት፤ ከተፈታ በኋላ አይገኝም።

በመዝገብ ላይ የአምፕሊፋየሩ ተከታታይ ቁጥር፣ የእያንዳንዱ ስፒከር ሙሉ ኮድ እንደታየው፣ የቴስተሩ ንባብ፣ የኮኑ ሁኔታና ምድቡ ይጻፋል። ጥገና ከተደረገ ቀኑና የተለወጠው ክፍል ይጨመራል። የተቃጠለ ኦሪጅናል ስፒከር አይጣልም፤ ፍሬሙና ማግኔቱ ደህና እስከሆኑ ድረስ ለዚያ ሞዴል የሚስማማ ኮን ሲገኝ ይተከልበታል። እስከዚያው በኦምና በዋት የሚመጥን ሌላ ስፒከር ገጥሞ መጠቀም ይቻላል፤ አሮጌው ግን የአምፕሊፋየሩ ተከታታይ ቁጥር ተጽፎበት አብሮ ይቀመጣል።